ማሳሰቢያ፦ ማቆም ሳይችሉ መፍጠን
ለስፖርት ሞተር ነጂዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለመኪና አሽከርካሪዎች

ይህ ማሳሰቢያ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ስፖርት ሞተር ለምትነዱ ወይም ልትገዙ ላሰባችሁ ወገኖች፣ ለወላጆቻችሁ፣ እንዲሁም ውሎአቸው መንገድ ላይ ለሆነ የታክሲና የኡበር አሽከርካሪዎች የተጻፈ ነው። ብርዱ ሲያልፍ፣ ወራቱን በሸራ ተሸፍነው የከረሙት ሞተሮች በአንድ ጊዜ አስፋልት ላይ ይፈሳሉ። የነጂው እጅ ግን ሥራ ፈትቶ ከርሟል፤ የባለመኪናውም ዓይን ሞተር ማየት ረስቷል። አደጋው የሚበዛው በእነዚሁ ሞቃት ወራት ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከወዲሁ መነጋገሩ ይበጃል።

የምንለው አንድ ነገር ነው፦ መንገድ ላይ የነጂ ችሎታ የሚታወቀው ሲያቆምና ሲታጠፍ ነው። ነዳጅ መስጠትማ ትናንት የጀመረውም ይችላል። ሞተሩ በሦስት ሰከንድ የሚደርስበትን ፍጥነት፣ ነጂው በደህና ለማውረድ ወራት የፈጀ ልምምድ ያስፈልገዋል። ብዙ ወጣቶች የሚያልቁት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

የያዛችሁትን ማሽን እወቁት

በየሰፈሩ የምናያቸው የ600 ሲሲ ስፖርት ሞተሮች፣ ማለትም ያማሃ አር6፣ ሆንዳ ሲቢአር600አርአር፣ ካዋሳኪ ዜድኤክስ-6አር እና ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር600፣ መነሻቸው የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። ክብደታቸው 190 ኪሎ ገደማ ሲሆን ጉልበታቸው ከ100 ፈረስ በላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንነዳት ቶዮታ ኮሮላ ከ1,200 ኪሎ በላይ እየመዘነች ጉልበቷ ከ130 እስከ 140 ፈረስ ቢሆን ነው። ሁለቱን አስተያዩና ፍረዱ። እነዚህ ሞተሮች በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ60 ማይል ያልፋሉ፤ ነጂው ሁለተኛ ማርሽ ሳያስገባ የከተማውን የፍጥነት ወሰን በዕጥፍ አልፎታል ማለት ነው።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ ከተመዘገቡት ሞተሮች ብዛት አንጻር ሲሰላ፣ በእነዚህ ሞተሮች ነጂዎች ላይ የሚደርሰው ሞት የሌላ ዓይነት ሞተር ከሚነዱት አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። በአገሪቱ በ2022 እና በ2023 በየዓመቱ ከ6,000 በላይ ሰዎች በሞተር አደጋ ሞተዋል። በተጓዙት ማይል ልክ ሲታሰብ፣ ሞተር ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ መኪና ውስጥ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

“እኔ አገር ቤት ሞተር ስነዳ ነው ያደግሁት” የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ሚዛን መጠበቁን፣ ማርሽ መቀየሩን፣ በመኪና መሀል መሽሎክሎኩን ተምሯል። ነገር ግን አገር ቤት የተለመደችው ሞተር ከ100 እስከ 150 ሲሲ ናት። እሷን ነዳጇን እስከ መጨረሻው ቢጠመዝዙባት ለማሰብ ጊዜ ትሰጣለች። ስፖርት ሞተር ላይ ግን ጎማው ጉድጓድ መትቶ ሰውነት ወደ ኋላ ሲሳብ፣ የቀኝ እጅ አንጓ ሳይታዘዝ ነዳጁን ይጨምራል፤ ሞተሩ ከነጂው ሐሳብ ቀድሞ ይወነጨፋል። የአገር ቤቱ ልምድ የሚጠቅመው እንደ መነሻ ሲታይ ነው፤ እንደ ምስክር ወረቀት ሲያዝ ያዘናጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሞተራችሁ ከ300 እስከ 400 ሲሲ ቢሆን ይመረጣል። ካዋሳኪ ኒንጃ 400ም ሆነ ያማሃ አር3 ስፖርት ሞተር ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን 45 ፈረስ ገደማ ነው። ያገለገለ ግዙ፤ ጀማሪ ቆሞም ቢሆን ሞተሩን መጣሉ አይቀርም፣ የአዲስ ሞተር የጎን ፕላስቲክ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን፣ ያለውን ፈልጉ። ቀደም ብለን የጠቀስነው ተቋም ባደረገው ንጽጽር፣ ኤቢኤስ የተገጠመላቸው ሞተሮች የሞት አደጋ መጠናቸው ካልተገጠመላቸው በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

አደጋው የሚደርሰው የት ነው?

የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን አደጋው በደረሰበት ቦታ ተገኝቶ መርምሮ ውጤቱን በ1981 አሳትሟል። ጥናቱ ዕድሜው ቢገፋም ያወጣቸው ሐቆች ዛሬም ነጂ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉት ግጭቶች ከሦስት ሁለቱ ጊዜ የሞተሩን ቅድሚያ የነጠቀው ባለመኪናው ነበር። ነጂዎቹም ቢሆኑ ከ100 ውስጥ 92ቱ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከወዳጅ ዘመድ የለመዱ ናቸው። አደጋው ሲመጣባቸው የኋላውን ፍሬን አብዝተው ረግጠው ይንሸራተታሉ፤ ከፊተኛው ፍሬን ግን ማግኘት የሚገባቸውን አያገኙም። ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አዲስ ነገር የሚማር ሰው የለም። እጅ የሚሠራው አስቀድሞ የለመደውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የአደጋ ቦታ መስቀለኛ መንገድ ነው። እናንተ ቀጥታ ትሄዳላችሁ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ወደ ግራ ይታጠፍባችኋል። መኪናና ሞተር ተጋጭተው ሰው በሞተባቸው አደጋዎች ከ100 ውስጥ ከ40 በላይ የሚሆኑት እንዲህ የደረሱ ናቸው። ሞተር ከፊት ሲታይ ቀጭን ስለሆነ ባለመኪናው ርቀቱንም ፍጥነቱንም አሳስቶ ይገምታል፤ “አላየሁትም” ሲል ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። ቅድሚያው የእናንተ መሆኑ በፍርድ ቤት ይረዳችኋል እንጂ መንገድ ላይ አያድናችሁም።

ሊታጠፍ የቆመ መኪና ስታዩ ነዳጁን መልሱ፤ ሁለት ጣቶቻችሁን ፊተኛው ፍሬን ላይ አሳርፉ፤ ከትልልቅ መኪና ጀርባ ተደብቃችሁ አትምጡ። የሾፌሩን ዓይን አትመኑ፤ እያያችሁ ላያያችሁ ይችላል። የፊት ጎማውን ተመልከቱ። መኪና ሊነቃነቅ ሲል መጀመሪያ የሚናገረው ጎማው ነው።

ሁለተኛው የአደጋ ቦታ ኩርባ ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ ሌላ ተሽከርካሪ የለበትም፤ ነጂው ብቻውን ነው። ቅዳሜና እሁድ ሞተረኛ የሚጎርፍበት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ 105 ማይል ሙሉ እየተጠማዘዘ በተራራው አናት ላይ ይሄዳል፤ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። ወሰኑ እንዲህ ዝቅ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኩርባው ጀርባ አጋዘን ወይም ፎቶ ሊያነሳ የቆመ ጎብኚ ሊኖር ይችላል፣ በመከር ደግሞ እርጥብ ቅጠል መንገዱን ያለብሰዋል።

ኩርባ ላይ ነጂው የሚሳሳተው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። ፈጥኖ ይገባል፤ መሀል ሲደርስ ይደነግጣል፤ ነዳጁን በአንዴ ይዘጋል፣ ሰውነቱን ቀጥ ያደርጋል፣ ዓይኑን የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ይተክላል። ሞተር ዓይን ያረፈበት ይሄዳልና ብረቱ ላይ ይወጣል፤ ወይም የመሀሉን መስመር ተሻግሮ ከፊት የሚመጣ መኪና ይገናኛል። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ገና መጋደም ይችል ነበር። ያለቀው የነጂው ድፍረትና ዕውቀት እንጂ የጎማው መያዣ አልነበረም።

መድኃኒቱ ከኩርባው በፊት ይጀምራል። ፍጥነታችሁን ገና ቀጥታው ላይ ሳላችሁ አውርዱ። አገጫችሁን አዙራችሁ መውጫውን ፈልጉ። መሪውን በተመለከተ ደግሞ ይህን አትርሱ፦ ፍጥነት ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ትገፋላችሁ፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን። ሞተሩ ወደ ገፋችሁት ጎን ይጋደማል፤ ይታጠፋልም። ሁሉም ነጂ ሳያውቀው ያደርገዋል፤ የሚያድነው ግን አውቆ፣ በተፈለገ ጊዜና መጠን ማድረጉ ነው። ኩርባው ከጠበቃችሁት በላይ ሲጠብ ዓይናችሁን ከመውጫው ሳትነቅሉ ያንኑ እጀታ ጨምራችሁ ግፉ።

ፍሬን፦ ልምምዱ እንዴት ይደረግ?

በ60 ማይል የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 27 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አይቶ እስኪነቃ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ በጥሩ ፍሬን አያያዝ 40 ሜትር ገደማ፤ በድምሩ 67 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በ90 ማይል ከሆነ ይኸው ሰው፣ በዚያው ሞተር፣ 130 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር የማቆሚያው ርቀት ዕጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያውም ነጂው ፍሬን መያዝ ከቻለ ነው።

በቻለና ባልቻለ መካከል ያለው ልዩነት በዝቅተኛ ፍጥነት እንኳ ጎልቶ ይታያል። ከ30 ማይል ላይ የሠለጠነ ነጂ በ10 ሜትር ገደማ ያቆማል፤ ጀማሪ 15 ሜትር ይፈጅበታል። አምስቱ ሜትር የአንድ መኪና ርዝመት ናት። የሠለጠነው ሙሉ በሙሉ በቆመባት ቦታ ጀማሪው ገና ከ15 ማይል በላይ እየሄደ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የመኪና በር ካለ ያንን በር የሚመታው በዚያ ፍጥነት ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ባለቤቱ የፈቀደ ባዶና ደረቅ ፓርኪንግ ፈልጉ፤ ጠጠርና ዘይት አለመኖሩን በእግራችሁ እየዞራችሁ አረጋግጡ። ከ20 ማይል ጀምሩ። ፊተኛውን ፍሬን በድንገት አትጨብጡት። መጀመሪያ በሁለት ጣት በስሱ ሳቡት፤ የፊቱ ክፍል ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ መጥቷል ማለት ነው። ጎማው አስፋልቱን የሚነክሰው አሁን ነውና ከዚህ በኋላ እያጠበቃችሁ ሂዱ። የኋላውን በስሱ ብቻ እርገጡ፤ የስፖርት ሞተር የኋላ ጎማ በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ እየቀለለ ስለሚሄድ ከረገጡት ቶሎ ይንሸራተታል። ጉልበታችሁን ታንኩ ላይ አጣብቁ፤ የሰውነታችሁ ክብደት እጃችሁ ላይ እንዳይወድቅ። ዓይናችሁ ሩቅ ይይ። ስትቆሙ በአንደኛ ማርሽ ላይ ሁኑ፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ካለ መሸሽ ያስፈልግ ይሆናል። 20 ማይሉ እጃችሁ ውስጥ ሲገባ ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 30 ውጡ።

ቀጥሎ እንቅፋት መሸሽን ተለማመዱ። አንዱን እጀታ ገፍቶ ማለፍ፣ ወዲያው ሌላውን ገፍቶ መመለስ። ሲሸሹ ፍሬን አይያዝም፤ ወይ አስቀድሞ ይያዛል፣ ወይ ከሸሹ በኋላ።

በራሳችሁ ከመለማመዳችሁ በፊት ግን ትምህርት ቤት ግቡ። የሞተርሳይክል ደህንነት ፋውንዴሽን ከተቋቋመበት ከ1973 ጀምሮ ያዳበረው የጀማሪዎች ትምህርት በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ይሰጣል፤ በቨርጂኒያ ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ያስተምሩታል። ትንሽ ሞተር እነሱው ያቀርባሉ፤ ትምህርቱን በብቃት ያጠናቀቀ በመንጃ ፈቃድ ቢሮው የሞተር የመንዳት ፈተና እንዳይወስድ ይደረጋል። ያለ ሞተር ፈቃድ መንዳት ከሕጉም ባሻገር ምልክት ነው፤ በሞት አደጋ ውስጥ ከነበሩ ነጂዎች ሲሶ ያህሉ ተገቢው ፈቃድ አልነበራቸውም።

ፍጥነት ያማረው ደግሞ ቦታ አለው። በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት የመኪናና የሞተር ሜዳ ከዲሲ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። እዚያ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፤ ጀማሪው ከጀማሪ ጋር ይመደባል፤ አሠልጣኝ ይከተላል፤ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል። አብዛኛው የሞተር ኢንሹራንስ በሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት ስለማይሸፍን ውላችሁን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ልብስ፣ ጎማ፣ መጠጥ

ሄልሜት በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም ግዴታ ነው። የአሜሪካ መንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንደሚለው ሄልሜት የነጂን ሞት በ37 በመቶ ይቀንሳል። የዶት (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መስፈርት) ምልክት ያለው፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን፣ በልክ የሆነ ይሁን፤ አንዴ ወድቆ የተመታ ሄልሜት አይደገምም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነውና ጓንት አትርሱ። ቲሸርት፣ ቁምጣና ሸበጥ ለበጋ ጥሩ ነው፤ አስፋልት ላይ ለመንሸራተት ግን ቆዳ ወይም ለሞተር ተብሎ የተሠራ ጃኬትና ሱሪ ያስፈልጋል።

ከክረምት የወጣ ሞተር ሳይታይ አይነዳም። የጎማ አየር ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው አልቆ ደርቆ ሊሆን ይችላል። አዲስ ጎማም ቢሆን ለመጀመሪያዎቹ 100 ማይል ያህል ያንሸራትታል፤ የቀዘቀዘ ጎማም እንደዚያው። ካቴናው አለመላላቱንና መቀባቱን፣ የፍሬን ሸራው አለማለቁን እዩ።

ስለ መጠጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሚሞቱት ነጂዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደማቸው ውስጥ የአልኮል መጠን ከሕጉ ገደብ ላይ የደረሰ ወይም ያለፈ ነው። አንድ ቢራ መኪና ውስጥ ካለው ይልቅ ሚዛን በሚጠብቀው ላይ ይበረታል።

ጓደኛና ሕግ

አብሮ መንዳት ደስ ይላል፤ አደጋውም እዚያው ነው። ከፊት ያለው የአሥር ዓመት ልምድ ይኖረዋል፤ ከኋላ የሚከተለው የሁለት ወር። ኋላ ላለመቅረት ሲል ከችሎታው በላይ ኩርባ ውስጥ ይገባል። ታዋቂው የሞተር ጸሐፊና አሠልጣኝ ኒክ አይናች በ1991 በአንድ የሞተር መጽሔት ላይ ለቡድን ነጂዎች ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፦ ቀጥታው ላይ አትፍጠኑ፣ የመሀሉን መስመር ፈጽሞ አትሻገሩ፣ መንገድ ላይ አትሽቀዳደሙ። ከፊት የሚመራው መጠምዘዣ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ሰው ይጠብቅ። ቀርፋፋውን የሚያሾፍበት ቡድን ካጋጠማችሁ ቡድኑን ልቀቁ።

ሕጉንም እወቁ። በቨርጂኒያ ከፍጥነት ወሰኑ 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ደግሞ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ሬክለስ ድራይቪንግ ይባላል። ይህ ተራ ትኬት አይደለም፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ያላችሁ ሰዎች እንዲህ ያለ ክስ ከገጠማችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፤ ጠበቃ አማክሩ። በሁለት ረድፍ መኪኖች መሀል ሰንጥቆ ማለፍ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ እዚህ አካባቢ ግን አይፈቀድም።

ለወላጆችና ለአሽከርካሪዎች

እናትና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሞተር አሰኝቶት ከሆነ “እንዳታነሳብኝ” ማለት ብቻውን አያዋጣም፤ ተደብቆ ይገዛል፣ ሞተሩንም ጓደኛው ቤት ያቆመዋል። ይልቅ ለብድሩ አብራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የትምህርት ቤቱን የምስክር ወረቀት፣ የሞተር ፈቃዱን፣ የሙሉ ልብሱን ደረሰኝ። የሞተሩን ሲሲም ጠይቁ። እነዚህን ሳይዝ የ600 ሲሲ ሞተር ብድር ላይ ስማችሁን አታስገቡ። ኢንሹራንሱንም አስቀድሞ ያስጠይቅ፤ ለወጣት ነጂ በስፖርት ሞተር የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ራሱ ሐሳቡን ያስለውጠዋል።

ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ ወገኖች፦ እናንተ ከማንም በላይ መንገድ ላይ ትውላላችሁ፤ ስልካችሁም ጥሪ ሲመጣ ዓይናችሁን ይጠራል። ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት ሁለት ጊዜ እዩ። በሁለተኛው ዕይታ ነጠላ መብራት ካያችሁ ሞተር ነው፤ ከገመታችሁት ይልቅ ቀርቧል ብላችሁ አስቡ፣ አሳልፉት። ሌን ስትቀይሩ መስታወቱ የማያሳየውን ቦታ አንገታችሁን አዙራችሁ ተመልከቱ። ተሳፋሪ ስታወርዱ የመንገድ ዳሩን በር እንዲጠቀም ንገሩት። ከሞተር ኋላ ስትሄዱ ራቅ በሉ፤ ነጂው ማርሽ አውርዶ ፍጥነት ሲቀንስ የፍሬን መብራቱ ላይበራ ይችላል።

ለነጂዎች የመጨረሻ ቃል። ዘንድሮ ቤልትዌይ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ላይ አሳልፉ። ፍሬን የምትይዙበትን ቦታ በጠመኔ አስምሩ፤ ከ30 ማይል ላይ አቁሙ፤ ከመስመሩ እስከ ፊት ጎማችሁ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ቁጥሩን ጻፉት። ከ15 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ እስኪወርድ ድረስ ልምምዱን ቀጥሉ፤ ወደ ተራራውም ወደ ሀይዌዩም አትሂዱ። ሞተራችሁ ስንት ማይል እንደሚሄድ የሚጠይቃችሁ ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ በስንት ሜትር እንደምታቆሙ ለራሳችሁ መመለስ ስትችሉ ያን ጊዜ ውጡ።